ከማማው የጠፋው ወረቀት

መሳቢያው ፊቱ በካቻቢቴ ተፈልቅቋል። ካቻቢቴውም እዚያው ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ሌባ መሣሪያውን ጥሎልኝ ሲሄድ ደስ አይለኝም። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ስቆይ እንዲህ የተመቻቸ ነገር በደህና አልቆልኝ አያውቅም።

"ምን ጠፋ?" አልኩት ግሌንን። ግሌን የመቆጣጠሪያ ማማው ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው።

"አንድ ወረቀት።"

"ለአንድ ወረቀት ነው በዚህ በኅዳር ብርድ ሰባ ስምንት ደረጃ ያስወጣኸኝ?"

"ትናንት አንዲት ሴት ለሞት የቀረበችበት ወረቀት ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ደረጃው አላነሳሁም።

ዘነቡ እባላለሁ፤ የከተማው ፖሊስ መርማሪ ነኝ። አየር ማረፊያዋ ክሪስታል ከሚባለው ከተማ ወዲያ ያለች ትንሽ ናት፣ ስሟን አልጠራም። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች አያርፉባትም፤ የተማሪዎችና ትርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናት። ሰዓቱን ሁሉ በዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምናገረው፣ እንዳትሳሳቱ።

ግሌን የነገረኝ ይህን ነው። ትናንት ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቲጂ የምትባል ሆፕኪንስ ከተማ የምትኖር ነርስ ብቻዋን እየበረረች ነበር። በዕረፍት ቀኗ ማብረር የምትማር ሴት ናት። ተቆጣጣሪዋ ሮሆቦት በራዲዮ "በስተሰሜን እየዞርሽ ጠብቂ፣ ሳልጠራሽ እንዳትመጪ" አለቻት። ወዲያው የሺፍት መለዋወጫ ሰዓት ደረሰና ሮሆቦት ቦታውን ለተረኛው ተቆጣጣሪ ለአቶ ይልማ ለቀቀች። አቶ ይልማ ደግሞ ከምዕራብ ለመጣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ በዚያው በሰሜን በኩል ዝቅ እንዲል ፈቀዱለት። ሁለቱ ከደመናው ሥር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሃያ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ተላለፉ፤ አልተነካኩም። ባለ ሁለት ሞተሩ በሰላም አረፈ። ቲጂ ግን ለመሸሽ ስትጠመዝዝ አውሮፕላኑ ከእጇ ወጣና የበቆሎ ማሳ ላይ ወደቀች። ወገቧ ተሰብሯል። ትተርፍ ይሆናል፣ ላትተርፍም ትችላለች።

"ወረቀቱስ?"

"ሁለቱም ጠዋት ገብተው እስከ ማታ በየሦስት ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። ሺፍት ሲቀያየር ወጪው ለገቢው ሰማይ ላይ ያለውን ሁሉ ይነግረዋል። ከዚያ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ። ተፈርሞበት ከሆነ ነግራዋለች፣ ጥፋቱ የይልማ ነው። ካልተፈረመበት አልነገረችውም፣ ጥፋቱ የሷ ነው።"

"ቴፕ የላችሁም?"

"ራዲዮው ይቀዳል። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩት አይቀዳም።"

"ታዲያ ወረቀቱን አላየኸውም?"

"አላየሁትም!" አለ፣ እንደ መጮህ ብሎ። "አደጋው እንደደረሰ ከነማቀፊያ ሰሌዳው መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። የፌዴራል መርማሪዎች እስኪመጡ ማንም እንዲነካው አልፈለግሁም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት ይመጣሉ።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔና ይልማ ጋ። የውጭውን በር ኮድ ግን ሁሉም ያውቀዋል።"

ጎንበስ ብዬ መሳቢያውን አየሁ። ፊቱ ድመት የቧጠጠው ይመስላል። የመቆለፊያው ምላስ ግን አንድ ጭረት የለበትም፤ ቀጥ ብሎ ቦታው ላይ አለ። ለግሌን አልነገርኩትም። ነገር በእጅ ሲያዝ ነው የሚያምረው።

*

ሮሆቦት ሆፕኪንስ ውስጥ በእናቷ አፓርትመንት ነው የምትኖረው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በስድስት ዓመቷ ነው ወደዚህ የመጣችው። ገና ሳልቀመጥ፦

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ዘነቡ። ለጋሼ ይልማ አልነገርኳቸውም። ኢት ኢዝ ማይ ፎልት" አለችኝ።

"ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ልጠይቅሽ። ወረቀቱን ማን ወሰደው?"

"የምን ወረቀት?"

"የርክክቡን። መሳቢያው ተሰብሮ ጠፍቷል።"

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች። አየኋት፤ ቀለል አላት። ወረቀቱን የወሰደ ሰው መጥፋቱን ሲሰማ እንዲህ አይሆንም። የእሷ ቀን የወጣለት ሰው እፎይታ ነው።

"ሌሊቱን የት ነበርሽ?"

"ሆስፒታል። ከማታ አምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋት ሰባት። ጠይቂያቸው... ይጠይቋቸው። ከቲጂ እናት ጋ ነበርኩ።" እጇን ታፍተለትላለች። "ማን ነሽ ሲሉኝ ጓደኛዋ ነኝ አልኳቸው። እራታቸውን አካፈሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ እያሉ መረቁኝ፣ እትዬ ዘነቡ።"

አንጀቴን በላችው። ግን ሥራዬ ማልቀስ አይደለም።

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ረሳሁ።"

"ወረቀቱ አልተፈረመም ማለት ነው?"

ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"ሮሆቦት፣ ተፈርሟል ወይስ አልተፈረመም?"

"አላስታውስም። በሁለት ሰዓት ፌዴራሎቹ ቃሌን ሲወስዱ 'አልነገርኩም' ብዬ ሳይን አደርጋለሁ። በቃ።"

"ላይሰንስሽ ይሄዳል።"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞም የፈረምሽው ቃል ውሸት ከሆነ ወንጀል ነው። ለፌዴራል መርማሪ መዋሸት እስር ያመጣል፤ ላይሰንስ መንጠቅ ብቻ አይደለም።"

"አባቴ ሲሞት የኮሌጅ ፎርም የሞሉልኝ ጋሼ ይልማ ናቸው" አለች፣ ያልጠየቅኳትን። "እዚህ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።" እናቷ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ አስወጣችኝ።

*

ካቻቢቴው እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። የበረራ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ሙላው፣ ዕቃውን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠመጥመው፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኖ ተደርድሯል። ቲጂ የሱ ተማሪ ናት፤ የወደቀው አውሮፕላንም የሱ ነው።

"ትናንት ማታ በስድስት ሰዓት ማማው ላይ ወጥተህ ስትጮህ ነበር አሉ።"

"ጮህኩ! ጮህኩ እንጂ! ልጅቷን ገድለዋት ሊያድበሰብሱ ነው። የጻፋችሁትን አሳዩኝ አልኩ። ግሌን በደረጃው አስወረደኝ።"

"ከዚያስ ተመልሰህ መሳቢያውን ሰበርክ?"

"እኔ?" ሳቀ፣ ያውም ደስ በማይል ሳቅ። "ወረቀቱ እንዲጠፋ ነው የምፈልገው? እኔ'ኮ ነኝ እንዲገኝ የምጸልየው፣ እህቴ። ካልተገኘ 'ተማሪዋ ናት ያጠፋችው፣ አስተማሪዋ ነው' ይሉኛል።"

"ይሄ ያንተ አይደለም?"

ካቻቢቴውን ተቀብሎ አገላበጠው። "የኔ ነው። ለይልማ በሐምሌ ያዋስኩት። የወንበራቸው እግር ወልቆ ነበር። ሽማግሌ ሰው መልስ አይባልም ብዬ ተውኩት።"

"ማታ የት ነበርክ?"

"ሆስፒታል። ሰባት ሰዓት ላይ ፈርሜ ነው የገባሁት። ያቺ ልጅ፣ ሮሆቦት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልሰድባት ሄጄ አቃተኝ።"

ሆስፒታሉ ደወልኩ። የእንግዳ መዝገቡ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ሙላው እኩለ ሌሊት አካባቢ ወጥቷል፣ እሷ እስከ ጠዋት ሰባት ሰዓት ነበረች። ሙላው ከወጣ በኋላ ሊመለስ ይችል ነበር፣ እሱን አልተውኩትም። ግን ወረቀቱ ለሱ መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሰርቅ ሰው አላየሁም።

*

ከሚሪያ የምትባለው የማማው ጽዳት ሠራተኛ ቀን ቀን ስኔሊንግ አቨኒው ላይ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። በጓሮው በር ገብቼ ጎድጓዳ ሳህኖች መካከል አገኘኋት። ስልሳ አልፏታል፤ አፏ ግን አላረጀም።

"ማታ በስምንት ሰዓት ጠረጴዛውን ስወለውል መሳቢያው ደህና ነበር" አለችኝ። "ጠዋት በስድስት ስመጣ ተቧጥጦ አገኘሁት። ለግሌን የደወልኩት እኔ ነኝ። እኔን ልትጠረጥሪ ነው?"

"አንቺ ብትሰርቂ መሳቢያውን ወልውለሽ ነው የምትሄጂው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው!" አለችና ሳቀች። "ምን ወረቀት ነው ግን እንዲህ የሚያራውጣችሁ? ያ ማቀፊያ ላይ ያለው፣ ሳጥን ሳጥን የተሠመረው?"

"እሱ ነው። ሺፍት ሲቀያየሩ የሚፈርሙበት።"

"ሲቀያየሩ?" ፎጣዋን አስቀመጠች። "ተይ እንጂ። ጠዋት ነው'ንጂ የሚፈርሙት። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም፤ ፊርማ ግን ፊርማ ነው። ሁለቱ በሚሠሩበት ቀን ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ቆሻሻ ላወጣ ስል እስከ ታችኛው ሳጥን ሞልቶ ነው የማገኘው። አይ የኛ ልጆች፣ ሥራ ቀድመው ይጨርሳሉ እላለሁ።"

"ትናንት ጠዋትም?"

"ትናንትም። በዓይኔ በብረቱ።"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ነገሩ ቀስ እያለ መልክ ያዘ። ሮሆቦት አልነገርኩም ትላለች። እንደ ግሌን አባባል ከሆነ ወረቀቱ ባዶ መሆን አለበት፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ አቶ ይልማን ነፃ ያወጣል፤ ማን ይሰርቀዋል? ወረቀቱ ግን ባዶ አልነበረም። ጠዋት ነው የተፈረመው። የሦስት ሰዓቱ ርክክብ ብቻ ሳይሆን የማታው የስድስት ሰዓቱም ተፈርሞበታል፤ አደጋው እንደደረሰ ማማው ተዘግቶ ስለነበር የስድስት ሰዓት ርክክብ ጭራሽ አልተደረገም። ያንን ሳጥን ያየ መርማሪ ፊርማዎቹ ሁሉ ቀድመው እንደተፈረሙ በአንድ አፍታ ያውቃል። መሳቢያውም አልተሰበረም። ምላሱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረበትም፤ በቁልፍ ተከፍቶ ነው ፊቱ ለይምሰል የተቧጠጠው። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። ግሌን ሊያጠፋው ከፈለገ ቀድሞውኑ ባልቆለፈበት፣ ፖሊስም ባልጠራ። ካቻቢቴውንም ሙላው ያዋሰው ለአቶ ይልማ ነው።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል። ለሮሆቦት ደወልኩ። አላነሳችም።

*

አቶ ይልማን ሁሉም ያውቃቸዋል። ሃያ ዓመት በአሜሪካ አየር ኃይል ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እዚህ ማማ የገቡት። የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ልንፋታ ስንል ሦስት ቅዳሜ እየመጡ ያስታረቁን እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት በመርማሪነት መሄድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል።

ክሪስታል ያለው ቤታቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሀረግ ከፈቱልኝና ሳሎን አስቀመጡኝ። ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል ይዣለሁ። አንደኛው፣ "ትናንት ማታ ከስምንት እስከ ዛሬ ጠዋት ስድስት የት ነበሩ?" የሚል ነው።

አቶ ይልማ ከመኝታ ቤት ወጡ። እኔም ሳላስበው ተነሳሁ።

"ኧረ በእግዚአብሔር! ተቀመጪ ልጄ።"

"እርስዎ ይቀመጡ" አልኩ። ወንበሬን ለቅቄላቸው ጎን ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። "እንዴት ሰነበቱ? ደህና ነዎት?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" "ልጆቹስ?" "ደህና ናቸው።" ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ያቺን ጥያቄ ዋጥኳት። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ሽጉጥ ታጥቄ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አፈርኩ። ልጅቷንም ይኸው እፍረት እንደያዛት ያኔ ነው የገባኝ።

"ጋሼ ይልማ" አልኩ፣ ሌላ ጥያቄ አንስቼ። "ትናንት ማማው ላይ ሲወጡ ሮሆቦት ተነሳችልዎ?"

"ሁልጊዜ ትነሳለች። አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት።"

"ወንበሩንም ለቀቀችልዎ? ማዳመጫውንም ሰጠችዎ?"

"አዎ።"

"ነግራዎት ሳትጨርስ።"

ከማድ ቤት በኩል ወይዘሮ የሺሀረግ "ሻይ ልጣድ?" አሉ።

"አይቸገሩ፣ እትዬ። ጋሼ ዛሬ ጠዋት ማልደው ወጥተው ነበር መሰል?"

"ኪዳን ሄዶ ነው፣ በአምስት ሰዓት። በዚህ ብርድ እንቢ አለኝ።"

አቶ ይልማን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ማሞቂያ ተበላሽቶ ሳምንቱን ሙሉ ዝግ ነው። ማስታወቂያውን ለምእመናን የላኩት ራሳቸው ናቸው።

"የሺ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እስቲ በሩን ዝጊልን።"

በሩ ተዘጋ።

"ልትናገር ጀምራ ነበር" አሉ። ድምፃቸው ወረደ። "እኔ ነኝ ያላስጨረስኳት። 'ሰምቻለሁ ልጄ፣ ደረጃ ላይ ሆኜ በማጉያው ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ሂጂ ምሳሽን ብዪ' አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። አሳዘነችኝ።"

"የቲጂን ግን አልሰሙም።"

"አልሰማሁም። የእሷ ሳይደርስ ነው መሰለኝ በሩ ጋ የቆምኩት።"

"ፊርማውስ?"

"ጠዋት ጠዋት ነበር የምንፈርመው። ልጄን ያህል ናት። በየሰዓቱ 'ፈርሚልኝ'፣ 'ይፈርሙልኝ' መባባል... ያልተማመንን መሰለን። አፈርን፣ በቃ። አንድ ቀን እንደ ዋዛ ጀመርነው፣ ሁለት ዓመት ሆነው።"

"እሷስ ጥፋቱን ልትወስድ እንደሆነ ያውቃሉ?"

"ማታ ደወለችልኝ። 'ጋሼ አይጨነቁ፣ እኔ ረሳሁ እላለሁ' አለችኝ። እያለቀሰች።" ጣታቸውን አቆላለፉ። "ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች አልኩ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ስሜ... ከዚያ የማታው ሳጥን ትዝ አለኝ። መፈረሙ ከታየ ለሁለታችንም አይሆንም ብዬ ሄድኩ።"

ያኔ ነው የገነፈልኩት። ከበርጩማው ተነሳሁ፤ በዚህ ጊዜ ለአክብሮት አልነበረም።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አፍረው የፈረሙት ፊርማ አንዲት ሴት ጥሏል! አሁን ደግሞ አፍረው ዝም ሊሉ ነው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል! ልጅቷ በሁለት ሰዓት ውሸት ትፈርማለች። እርስዎ ስም አለዎት፣ እሷ ምን አላት? ሌሊቱን ሙሉ በደለኛነቷን ደብቃ የቲጂን እናት ምርቃት ስትቀበል አድራለች። ይህን ተሸክማ ነው የምትኖረው፣ እርስዎ ደግሞ እሑድ እሑድ ከፊት ተቀምጠው ያዩዋታል።"

የተቆላለፈ ጣታቸውን ፈቱ። 

"ፊርማዋ አለበት" አሉ በመጨረሻ። "ወረቀቱ ቢወጣ እሷም ከማማው ትወርዳለች።"

"ትወርዳለች። አልዋሽዎትም። ግን አትታሰርም፣ ባላጠፋችው ብቻዋን ጥፋተኛ አትባልም።"

ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ወረቀቱ አልተቃጠለም፣ አልተቀደደም፤ በፕላስቲክ አድርገው ዳዊታቸው መሃል አስቀምጠውት ነበር።

"ለማቃጠል ሁለት ጊዜ እሳት ጫርኩ" አሉኝ፣ "እጄ እንቢ አለኝ።"

*

ሮሆቦት በግሌን ቢሮ ውስጥ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣለች። የፌዴራል መርማሪዋ ፀጉሯ ያጠረ፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። የተተየበው ቃል ሮሆቦት ፊት ለፊት ነው፣ ብዕሩም በእጇ። በሩን ሳላንኳኳ ነው የከፈትኩት።

አቶ ይልማ ከኋላዬ ገብተው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ጋሼ!" አለች ሮሆቦት፣ ፊቷ አመድ መስሎ። "ምን አደረጉ? ምን ሊያደርጉ ነው ያመጡት? እኔ እኮ ጨርሼው ነበር!" ተናዳለች። ደስ አላት ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል።

"ተይው ልጄ" አሉ።

መርማሪዋ ወረቀቱን አየች፤ ጣቷ በሳጥኖቹ ላይ ወርዶ የስድስት ሰዓቱ ላይ ቆመ። ሁለት ፊርማ። አደጋው ሲደርስ ገና ያልደረሰ ሰዓት። ግሌን አንገቱን ዘርግቶ አየና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አቶ ይልማ እዚያው ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ካቻቢቴው፣ "ሂጂ ብዪ" ስላሉት። ሳይቀባቡ ነው የተናገሩት። መርማሪዋ ጻፈች። ከዚያ የተተየበውን ቃል ከሮሆቦት ፊት ወስዳ ገለበጠችው፣ መቅጃዋን አስተካከለች።

"አንድ ነገር ብቻ" አለቻት። "ልትነግሪያቸው ጀምረሽ ያላለቀው ምን ነበር? ያኔ ልትይ እንደነበረው አድርገሽ በዪው።"

ሮሆቦት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ራዲዮ ላይ የምትናገርበት፣ የተረጋጋ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

"ተማሪዋ በስተሰሜን እየዞረች ትጠብቃለች። ሳይጠሯት አትመጣም። በሰሜን በኩል ማንንም ዝቅ አያድርጉ።"

መርማሪዋ የመቅጃውን ሰዓት አነበበችና ጻፈች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ሁሉም ሰባት ሰከንድ ነው የፈጀው።

አቶ ይልማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሮሆቦትን አይተው በአማርኛ "እስቲ ድገሚልኝ" አሏት፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ደገመችላቸው።